ፎርማት ከመደረጉ በፊት፦ አልነሳ ያለች ትንሽ ላፕቶፕን ቤት ውስጥ መመርመርና መጠገን

አልነሳ ያለ ላፕቶፕ ጥገና ቤት ሲደርስ ብዙ ጊዜ የሚታዘዝለት መድኃኒት አንድ ነው፤ ፎርማት። ባለቤቱ ምን እንዳየ ሳይጠየቅ፣ የዲስኩ ጤና ሳይታይ፣ ባትሪውም ሳይለካ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫናል። ማሽኑ በዚያው ቀን ሊነሳ ይችላል፤ ስለዚህ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ዊንዶውሱን ያበላሸው ምክንያት ግን አልተነካምና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያው ላፕቶፕ ተመልሶ ይቆማል። በመሀል የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የልጆቹ ፎቶ፣ የሱቁ ሒሳብ ጠፍቷል። ፎርማት ሊመለስ የማይችል ርምጃ ነው፤ ሊመለስ የማይችል ርምጃ ደግሞ ተራው መጨረሻ ላይ እንጂ መጀመሪያ ላይ አይደለም። ከእሱ በፊት ሊደረጉ የሚገባቸው ምርመራዎች አብዛኞቹ ገንዘብ አይጠይቁም፤ አንድ ትንሽ ካቻቢቴ፣ አንድ ፍላሽ፣ ከተገኘም አንድ ቴስተር ይበቃቸዋል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ምንም ከማያስወጣውና ምንም ከማያበላሸው ተነስቶ ወደ ውዱና ወደማይመለሰው ይሄዳል። አንድ ርምጃ ቀላል ስለመሰለዎት አይዝለሉት።

ተራውን መጠበቅ በየካና በእንጦጦ ተዳፋት ላይ ለሚኖር ሰው ይበልጥ ያስፈልጋል። በእጃችን ያሉት ትንንሽ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ውጭ አገር ተሠርቶባቸው የገቡ ናቸው፤ ሌኖቮ ቲንክፓድ፣ ዴል ላቲቲውድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ፣ አሮጌ ኔትቡኮች። ማዘርቦርዳቸው ገና ብዙ ዓመት የሚያገለግል ሆኖ ሳለ ባትሪያቸው ግን ደክሟል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ስፒናው ከሶኬት እንደተነቀለ የሚጠፋ ዕቃ ነው። ከኮተቤ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከዚያም ሽቅብ እስከ እንጦጦ ማርያም፣ መብራት ድንገት እልም ሲል እንዲህ ያለው ማሽን አብሮ ይጠፋል። በዚያች ቅጽበት ዊንዶውስ ራሱን እያደሰ ወይም ፋይል እየጻፈ ከነበረ ጽሑፉ መሀል ላይ ይቆረጣል፤ በማግስቱም ላፕቶፑ አልነሳ ይላል። ይህን ላፕቶፕ ፎርማት አድርጎ ያንኑ የሞተ ባትሪ እንደያዘ መመለስ የሚቀጥለውን መጥፋት ቀጠሮ መስጠት ነው።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ የቆመበት ጫፍ ደግሞ ወደ 3,200 ሜትር ይደርሳል። በሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ ውስጥ የማንበቢያው ጭንቅላት የዲስኩን ገጽ ሳይነካ የሚንሳፈፈው በቀጭን የአየር ፍራሽ ላይ ነው። አየር ሲሳሳ ያ ክፍተት ይጠባል። ለዚህም ነው ብዙ አምራቾች ለመደበኛ ሀርድ ዲስክ የሚፈቅዱትን የሥራ ከፍታ 3,048 ሜትር ማለትም 10,000 ጫማ ላይ የሚገድቡት። መገናኛ ወይም ሲኤምሲ ላይ ላለ ሰው ይህ ቁጥር አያሳስበውም። ተራራው አናት ላይ ባለ ቤት ወይም ቢሮ ግን ሀርድ ዲስኩ የሚሠራው አምራቹ ካሰበለት ወሰን ውጪ ነው። ኤስኤስዲ የሚባለው የዲስክ ዓይነት ግን የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ይህ ስጋት የለበትም። የሳሳ አየር ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ዝቅ ያለ ነው፤ በከሰልና በባሕር ዛፍ ጭስ ጥላሸት የታፈነ ማራገቢያ ሲጨመርበት ማሽኑ ገና ሳይነሳ ግሎ ራሱን ሊያጠፋ ይችላል።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ማንኛውንም ነገር ከመንካትዎ በፊት የመነሻ ቁልፉን ተጭነው የሚያዩትንና የሚሰሙትን ወረቀት ላይ ይጻፉ። ላፕቶፕ ሲነሳ በሦስት ምዕራፍ ያልፋል። መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ከቻርጀር ወይም ከባትሪ ወደ ማዘርቦርድ ይገባል። ቀጥሎ ባዮስ የሚባለው በማዘርቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም ራምን፣ ስክሪንንና ዲስክን ይፈትሻል፤ የአምራቹ ምልክት ስክሪን ላይ የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው። በመጨረሻ ባዮስ ሥራውን ዲስኩ ላይ ላለው ዊንዶውስ ያስረክባል። ምንም መብራት ካልታየ ችግሩ ምዕራፍ አንድ ላይ ነው። መብራትና ማራገቢያ ኖሮ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ምዕራፍ ሁለት ላይ ነው። ምልክቱ ታይቶ ከዚያ ወዲያ ካልሄደ ወይም እየደጋገመ ከጠፋና ከተነሳ ምዕራፍ ሦስት ላይ ነው። ፎርማት የሚነካው ሦስተኛውን ብቻ ነው። አንዲትም መብራት ላላሳየ ላፕቶፕ ፎርማት ያስፈልገዋል የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ ማሽኑን ይዘው ይመለሱ።

ምዕራፍ አንድን ከሶኬቱ ይጀምሩ። ዲቫይደሩን ትተው ቻርጀሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰኩ፤ ሶኬቱ እንደሚሠራ በስልክ ቻርጀር ወይም በአምፖል ያረጋግጡ። ከዚያ የቻርጀሩን ጀርባ ያንብቡ። አብዛኞቹ ላፕቶፖች 19 ወይም 20 ቮልት ይፈልጋሉ፤ አንዳንድ ትንንሽ ኔትቡኮች ግን የሚሠሩት በ12 ቮልት ነው፤ ጫፉ ስለገጠመ ብቻ የ19 ቮልት ቻርጀር መሰካት ደህናውን ማሽን ማቃጠል ይሆናል። ቮልቱ ከላፕቶፑ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ አምፔሩ ግን እኩል ወይም የበለጠ ቢሆን አይጎዳም። ቴስተር ካለ የቻርጀሩን ጫፍ ይለኩ፤ የተጻፈው 19 ሆኖ ቴስተሩ 12 ወይም ዜሮ ካሳየ በሽተኛው ቻርጀሩ ነው፤ ላፕቶፑ ንጹሕ ነው። ገመዱን ጫፉ አጠገብና ሳጥኑ አጠገብ ቀስ ብለው እያጣጠፉ መብራቱን ይመልከቱ፤ ብልጭ ድርግም ካለ ሽቦው ውስጥ ውስጡን ተቆርጧል። በላፕቶፑ በኩል ያለው መሰኪያ ቀዳዳ ከላላም እንደዚሁ ነው፤ እሱ በብየዳ ወይም በአንዲት ትንሽ ዕቃ ለውጥ ይድናል። በታይፕ ሲ ቻርጅ የሚደረግ ላፕቶፕ ከሆነ የስልክ ቻርጀር ብዙውን ጊዜ አቅም አያደርስም፤ በላፕቶፕ ቻርጀር ይሞክሩት።

ቻርጀሩ ደህና ሆኖ ማሽኑ ዝም ካለ በማዘርቦርዱ ላይ የቀረውን ኤሌክትሪክ ያፍስሱ። ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ ባትሪው ከውጭ የሚወጣ ከሆነ ያውጡት፤ የመነሻ ቁልፉን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ። ከዚያ ባትሪውን ሳይመልሱ ቻርጀሩን ብቻ ሰክተው ያስነሱ። ባትሪያቸው ውስጥ የተቀበረ ብዙ ቲንክፓዶች ሆዳቸው ላይ መርፌ የምታህል የሪሴት ቀዳዳ አላቸው፤ ቻርጀሩ ተነቅሎ በወረቀት ማያያዣ ሽቦ ቀስ ብሎ መጫን ያንኑ ሥራ ይሠራል። ይህ ርምጃ ተአምር ይመስላል እንጂ አይደለም፤ የኃይል መቆጣጠሪያዋ ቺፕ የመብራት መዋዠቅ ግራ ካጋባት እንደ አዲስ እንድትጀምር ማድረግ ነው። ያለ ባትሪ ተነስቶ ከባትሪ ጋር አልነሳም ካለ ጥፋተኛው ባትሪው ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለ። የመዳፊቱ ሰሌዳ ወደ ላይ ከተገፋ፣ ክዳኑ አልገጥም ካለ ወይም ሆዱ ካበጠ ባትሪው ጋዝ ሞልቶታል ማለት ነው። ቻርጅ አያድርጉት፣ አይጫኑት፣ በስለት አይፈልቅቁት። ሊቲየም ባትሪ ሲወጋ ይነዳል፤ ማውጣቱን ልምድ ላለው ሰው ይተዉለት።

መብራት አለ፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው እንበል። ካፕስ ሎክን ይጫኑ፤ ትንሿ መብራት ከበራችና ከጠፋች ማሽኑ በሕይወት አለ። ቀጥሎ ክፍሉን አጨልመው የስልክዎን ባትሪ መብራት በስክሪኑ ላይ በጎን ያብሩበት። ደብዘዝ ያለ ጽሑፍ ወይም ምልክት ከታየ ሥዕሉ አለ፤ የጠፋው የስክሪኑ የጀርባ መብራት ነው። በኤችዲኤምአይ ከቴሌቪዥን ጋር ያገናኙት፤ ዊንዶውስ በቴሌቪዥኑ ከታየ ማዘርቦርዱም ዊንዶውሱም ደህና ናቸው፤ የሚጠገነው ስክሪኑ ወይም ማጠፊያው ውስጥ የሚያልፈው ገመድ ነው። በሁለቱም ካልታየ ድምፁንና ብልጭታውን ይቁጠሩ። ባዮስ መናገር ሲያቅተው በጩኸት ወይም በመብራት ይናገራል፤ በብዙ ዴል ላፕቶፖች ለምሳሌ 2 ብርቱካናማና 3 ነጭ ብልጭታ ራም አልተገኘም ማለት ነው። የየአምራቹ ቋንቋ ስለሚለያይ ቁጥሩን ጽፈው በሞዴሉ ማኑዋል ያመሳክሩ።

ከዚህ በኋላ መክፈት ይመጣል፤ እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞም የታወቀ ነው። ያልተማረ እጅ ከከፈተው ያበላሸዋል ይባላል። ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ በችኮላ የተከፈቱ ላፕቶፖች የተቀደደ ገመድና የተሰበረ ክሊፕ ይዘው ይመጣሉ። የሚያበላሸው ግን መክፈቱ ራሱ አይደለም፤ ኃይል እያለበት መክፈትና በጉልበት መገንጠል ነው። አብዛኞቹ የቢሮ ላፕቶፖች ራማቸውና ዲስካቸው በቀላሉ እንዲደረስባቸው ታስቦ የተሠሩ ናቸው። ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ያንጥፉ፤ ብሎኖቹን በወጡበት ቦታ ልክ ወረቀት ላይ ደርድረው በፕላስተር ያጣብቋቸው፤ ርዝመታቸው ይለያያልና ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ማሰር ማዘርቦርዱን ሊበሳ ይችላል። ሁሉም ብሎን ወጥቶ ክዳኑ አልላቀቅ ካለ የቀረ ብሎን አለ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜም በጎማ እግሩ ወይም በስቲከሩ ሥር ነው። እንደከፈቱ የመጀመሪያ ሥራዎ የባትሪውን መሰኪያ ከማዘርቦርዱ መንቀል ነው። ከዚያ የሰውነትዎን ኤሌክትሪክ ለማራገፍ ብረት ነገር ይንኩ። በእንጦጦ የበጋ ደረቅ ብርድ የሱፍ ሹራብ ለብሶ ራም መንካት ለቺፑ ጥሩ አይደለም።

ራሙ የጣት ርዝመት ያላት አረንጓዴ ሰሌዳ ናት፤ በግራና በቀኝ ሁለት ትንንሽ የብረት ክንዶች ይዘዋታል። ክንዶቹን ወደ ውጭ ሲገፏቸው ሰሌዳዋ በራሷ ጊዜ ቀና ትላለች፤ በዚያው ዘንበል ባለ አቅጣጫ ይሳቧት። ወርቃማ ጥርሶቿን በብርሃን ይመልከቱ፤ የጠቆረ ወይም የወየበ ነገር ካለ በነጭ የእርሳስ ላጲስ ቀስ ብለው ያሹት፤ ፍርፋሪውን በብሩሽ ያራግፉ። አልኮል የሚጠቀሙ ከሆነ ንጥረቱ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ይሁን፤ 70 በመቶው ውኃ ስላለበት እስኪደርቅ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፤ የእጅ ሳኒታይዘር ጄል ግን ፈጽሞ አይሆንም። ሲመልሷት መጀመሪያ ዘንበል አድርገው ጥርሶቿ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፉ ይግፏት፤ ከዚያ ወደ ታች ሲጫኗት ሁለቱ ክንዶች ቀጭ ብለው ይይዟታል። ድምፁ ከአንድ ወገን ብቻ ከተሰማ አልገባችም። ሁለት ራም ካለ አንዷን ብቻ አስገብተው ይሞክሩ፤ ከዚያ ሌላዋን፤ ከዚያ ሁለቱንም በሌላው ማስገቢያ። ክረምት ከርሞ የወጣ ማሽን በዚህች ሥራ ብቻ ሲነሳ ብዙ ገንዘብ ይድናል፤ እርጥበት የነካው መገናኛ ነበርና የተበላሸው። በአንዳንድ ርካሽ ትንንሽ ላፕቶፖች ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ ስለተበየደ ይህ አይሠራም።

ክዳኑ እንደተከፈተ የሰዓት ባትሪዋንም ይለኩ። ሲአር2032 የምትባለው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ 3 ቮልት ትሰጣለች፤ በአንዳንድ ላፕቶፖች በላስቲክ ተጠቅልላ በሽቦ ትገናኛለች። ስትሞት ባዮስ ቀኑንና ቅንብሩን ይረሳል፤ አነሳሱ ወደ ፋብሪካው ቅንብር ተመልሶ ደህናው ዊንዶውስ እንዳልተገኘ ሊቆጠር ይችላል። ይህን ትንሽ ነገር ንቆ ትልቁን መወንጀል ምን ያህል እንደሚያሳስት ከሚያስተምሩት ማሽኖች አንዱ በእኛም አገር ታይቷል። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ፣ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የመሠረተው አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ የተባለው ፕሮጀክት ኤክስኦ የተሰኙትን አረንጓዴና ነጭ ትንንሽ ላፕቶፖች በሺዎች ቁጥር ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች አስገብቶ ነበር። 433 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር፣ 256 ሜጋባይት ራምና 1 ጊጋባይት ማከማቻ የነበራቸው ናቸው። በቀደሙት ኤክስኦዎች ላይ የሰዓት ባትሪዋ መያዣ እየላላ ቀኑ ይጠፋ ነበር፤ የደህንነት መቆለፊያቸው የበራባቸው ማሽኖች ቀኑ ትክክል ካልሆነ አንነሳም ይላሉ። የሞተ የሚመስለው ላፕቶፕ የጎደለው ትክክለኛ ቀን ብቻ ነበር። የእነዚያ ላፕቶፖች ዲዛይነሮች ሌላም ደግ ሥራ ሠርተዋል፤ ጠጋኙ ብሎን ቢጠፋበት እንዳይቸገር እጀታው ውስጥ ትርፍ ብሎኖች አስቀምጠዋል። ልጅም ቢሆን ሊከፍተው ይችላል ብሎ ዕቃ የሠራ ሰው ለተጠቃሚው የሚሰጠውን ክብር ዛሬ በማጣበቂያ የሚታሸጉት ማሽኖች ነፍገውናል።

ምልክቱ ከታየና ከዚያ ከቆመ ወደ ባዮስ ይግቡ። በዴል፣ በኤሰርና በአሱስ ብዙውን ጊዜ ኤፍ 2፣ በኤችፒ ኤፍ 10፣ በቲንክፓድ ኤፍ 1 ነው። ሁለት ነገር ብቻ ይመልከቱ፤ ቀኑ ልክ ነው ወይ? የዲስኩ ስም ተጽፏል ወይ? ስሙ ከሌለ ዲስኩን አውጥተው ጥርሱን አጽድተው መልሰው ያስገቡት። ስሙ ካለ የማስነሻ ተራውን ይመልከቱ፤ የሌላ መሣሪያ ስም ከፊት ቀድሞ ከሆነ ዲስኩን ያስቀድሙ። ተሰክቶ የተረሳ ፍላሽ ብቻውን ላፕቶፕን እንዳይነሳ ሊያደርግ እንደሚችልም አይርሱ። ሌላ ቅንብር አይነካኩ፤ በተለይም ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተዘጋ ከሆነ የደህንነት ቅንብሩ ሲለወጥ ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ ይጠይቅዎታል። ያ ቁልፍ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ላፕቶፑ በተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። ሁለተኛ እጅ ላፕቶፕ የገዛ ሰው አካውንቱ የራሱ መሆኑን ማሽኑ ደህና ሳለ ማረጋገጥ አለበት።

አሁን ፋይሉን የማትረፍ ሥራ ይመጣል፤ ከዚህ ሁሉ መመሪያ አንዱን ብቻ መፈጸም የሚችል ሰው ይህን ይፈጽም። በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ኡቡንቱ ወይም ሊነክስ ሚንት የተባለውን ነፃ ሲስተም አውርደው ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ቢያንስ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ይጻፉት። ፍላሹን በማይነሳው ላፕቶፕ ሰክተው ሲያስነሱ በዴልና በሌኖቮ ኤፍ 12፣ በኤችፒ ኤፍ 9 ተጭነው ከፍላሹ እንዲነሳ ይምረጡ፤ ከዚያ ሳይጭኑ መሞከር የሚለውን ይምረጡ። ላፕቶፑ ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሹ ይነሳል። ይህ በራሱ ትልቅ ማስረጃ ነው፤ በሊነክስ በደንብ ከሠራ ማዘርቦርዱ፣ ራሙና ስክሪኑ ደህና ናቸው፤ ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል የሚል ፍርድም ውድቅ ይሆናል። የተጠቃሚውን ማኅደር ከፍተው ሰነዱን፣ ፎቶውን፣ ዴስክቶፑን ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። በአማርኛ የሚሠሩ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ያስታውሱ፤ በዊንዶውስ ማኅደር ውስጥ ያለውን የፎንቶች ማኅደርም ይገልብጡ። ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ውል፣ ደብዳቤ ወይም የእድር መዝገብ ፎንቱ ከሌለ ፋይሉ ተርፎም አይነበብም። ዲስኩ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ወዲያው ያጥፉት፤ እያንዳንዱ ማስነሳት የቀረውን ይቀንሳል።

ፋይሉ ከተረፈ በኋላ የዲስኩን ጤና ይጠይቁ። በኡቡንቱ ውስጥ ዲስኮች የሚለው ፕሮግራም ስማርት የሚባለውን የዲስኩን የራሱን መዝገብ ያሳያል። የተበላሹና የተተኩ ቦታዎች ቁጥር ከዜሮ ወጥቶ የሚጨምር ከሆነ ዲስኩ ይለወጥ፤ በዚህ ዲስክ ላይ ዊንዶውስን መልሶ መጫን ድካም ነው። የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ ከሆነ ምትኩ ኤስኤስዲ ይሁን፤ በከፍታው ምክንያት ብቻ ሳይሆን አሮጌ ላፕቶፕን ከምንም በላይ የሚያፈጥነው እሱ ስለሆነ ነው። ዲስኩ ጤናማ ከሆነ መጀመሪያ የዊንዶውስን የራሱን ጥገና ይሞክሩ። በመነሳት ላይ ሳለ የመነሻ ቁልፉን ይዘው ሦስት ጊዜ ያህል ሲያቋርጡት ዊንዶውስ የጥገና ገጹን ያመጣል፤ እዚያ የመነሻ ጥገና፣ የመጨረሻውን ማሻሻያ ማንሳትና ሴፍ ሞድ ይገኛሉ። እነዚህ እምቢ ካሉ ፋይሎቹን ጠብቆ ዊንዶውስን ብቻ የሚያድሰው አማራጭ አለ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ፎርማት ቢደረግ አንቃወምም።

ባለሙያዎች የሚያነሱት ተቃውሞ ጊዜ ነው። ለአንድ ደንበኛ ይህን ሁሉ መመርመር ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ፎርማት ግን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ደንበኛውም ቶሎ ይፈልገዋል። ክርክሩ የሚቆመው ማሽኑ ተመልሶ የማይመጣ ቢሆን ነበር። ባትሪው የሞተና ዲስኩ የታመመ ላፕቶፕ ግን ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔ የሁለተኛው ፎርማት ሰዓትና ክፍያ፣ የጠፋው ፋይልም ዋጋ አብሮ ይታሰብ። ከላይ ያለው ምርመራ አብዛኛው ደግሞ ባለቤቱ ቤቱ ተቀምጦ የሚሠራው ነው፤ ከባለሙያው የሚወስደው ሰዓት የለም፤ ይልቁንም ችግሩ የት እንዳለ የተጻፈበት ወረቀት ይዞለት ይሄዳል።

ከዚህ ሁሉ አዲስ መግዛት አይሻልም ወይ የሚሉም አሉ። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ወዴት እንደሄደ ሁሉም ያውቀዋል። ራም፣ ኤስኤስዲ፣ ባትሪና ቻርጀር ተደምረው እንኳ ዋጋቸው ከአንድ ደህና ላፕቶፕ ዋጋ በብዙ ያንሳል። መግዛት የሚሻልበት ጊዜ የለም ማለት አይደለም። ቡና ወይም ውኃ ፈስሶበት ማዘርቦርዱ አረንጓዴ ዝገት ካወጣ፣ ወይም ራሙና ማከማቻው ተበይደው 2 ጊጋባይትና 32 ጊጋባይት ብቻ ከሆኑ፣ ብዙ ማውጣት አያዋጣም። እነዚህ ባለ 32 ጊጋባይቶች ማከማቻቸው ሞልቶ የዊንዶውስ ማሻሻያ መሀል ላይ የሚቆምባቸው ናቸው። ለእነሱ የሚበጀው ቀለል ያለ ሊነክስ መጫን ነው፤ የአማርኛ ኪቦርድም አብሮት ይገኛል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ የደህንነት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር ለማይችሉት አሮጌ ማሽኖችም መንገዱ ይኸው ነው።

ሁሉም ተሞክሮ ማሽኑ ዝም ካለ ባለሙያ ጋ ይሂዱ፤ ከመሄድዎ በፊት ግን ዲስኩን አውጥተው ቤት ያስቀሩት። አይነሳም ለተባለ ማሽን ማዘርቦርድ ለመመርመር ዲስኩ አያስፈልግም፤ ፋይልዎም በማንም እጅ አይገባም። የጻፉትን ወረቀት ይስጡት፤ ማዘርቦርዱ ሞቷል ካለዎት የት ቦታ ላይ ስንት ቮልት እንደጠፋ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። ለክቶ የሚያሳይ ሰው እጅ ላይ ከወደቁ ደንበኛው ይሁኑ፤ በመገናኛም በመርካቶም እንዲህ ያሉ ጎበዞች አሉ፤ ሥራቸውም ከፎርማት ክፍያ በላይ ይገባዋል።

ላፕቶፑ ሲነሳ በዚያው ሳምንት የሞተውን ባትሪ ይለውጡ፤ ይህ የጥገናው ክፍል እንጂ ቅንጦት አይደለም። የላፕቶፕ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል ስለሆነ መብራት ሲደክም ብዙም አይጎዳውም፤ አደጋው መብራት ተመልሶ ሲመጣ ያለው ድንገተኛ ግፊትና የክረምቱ መብረቅ ነው። ስለዚህ ገንዘብዎን ለትልቅ ስታቢላይዘር ከማውጣት ግፊት የሚከላከል ዲቫይደር ይግዙ፤ መብራት ሲጠፋ ስፒናውን ይንቀሉ፣ ተመልሶ ከረጋ በኋላ ይሰኩ፤ ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ በባትሪ ይሥሩ። ከብርድ ወጥቶ ወደ ሞቀ ክፍል የገባ ላፕቶፕ ጤዛ እስኪለቀው ግማሽ ሰዓት ሳይበራ ይቆይ። ያወጡትን አሮጌ ባትሪ ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍነው ከቤት ቆሻሻ ለይተው ያስቀምጡት፤ ምድጃና እሳት አጠገብ አይኑር፣ ልጆችም አይድረሱበት፤ አዲሱን የገዙበት ሱቅ አሮጌውን የሚረከብ ከሆነ እዚያው ያስረክቡት።